ዋልካ ላይ የቆመችው መንኮራኩር

የጨረቃ ጣቢያው ዘበኛ በሩን በትከሻው መግፋት የጀመረው በነሐሴ ነው። በግንቦት በአንድ ጣት ይከፍተው ነበር። በሐምሌ በሁለት እጁ፣ በነሐሴ በትከሻው፣ መስከረም ሲጠባ በእግሩ ይረግጠው ጀመር። ኮኪት ውስጥ ይህን አይቶ የማይገባው ሕፃን የለም። ከሥር ያለው ዋልካ ውኃ ጠጥቶ አብጧል፣ ቤቱ ዘሟል፣ በሩ መቃኑን ነክሷል። እዚያ ግቢ ውስጥ መቶ ሃያ መሐንዲስ አለ ይባላል። በዚያ በር በየቀኑ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ አንዳቸውም «ይህ በር ምን ሆነ?» ብለው አልጠየቁም። ዘበኛው ይረግጥላቸዋል፣ እነሱ ያልፋሉ።

ልጄን ጨረቃ ላይ የሚያወጡልኝ እነዚህ ናቸው።

አገራችን ጨረቃ ላይ እወጣለሁ ብላ የተነሳችው አባቴ ልጅ ሳለ ነው። ያን ጊዜ ትልልቆቹ አገሮችም ተነስተው ነበር፤ ኋላ ከበዳቸው መሰለኝ አንድ በአንድ ተዉት። የእኛ ግን አልተወችም። ንጉሡ ጀመሩት። ወታደሮቹ ንጉሡን አውርደው መሬቱንም ቤቱንም ሲወርሱ ጨረቃውን አብረው ወረሱ። ከእነሱ በኋላ የመጣው ያለፈውን ሁሉ ረግሞ፣ ጨረቃውን ብቻ ስሙን ቀይሮ ያዘ። አንዱ የሠራውን ትምህርት ቤት ሌላው ያፈርሳል፣ አንዱ የተከለውን ዛፍ ሌላው ይቆርጣል፤ ጨረቃ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም አንድ ልብ ናቸው። የመጀመሪያዋ ሮኬት ሸሕዲ አጠገብ ማሽላ ውስጥ ወድቃ የአንድ ገበሬ አህያ ገደለች። ሮኬቷ ሐውልት ቆሞላታል፤ አህያዋ ግን ምንም አልቆመላትም። ከስምንት ዓመት በፊት ሰው የሌለበት ሣጥን ጨረቃ ላይ ጣሉና ቀኑን በዓል አደረጉት። የሰው እግር ግን እስከ ዛሬ አልረገጣትም። የመጀመሪያው እግር የእኛ ይሆናል ብለው ማሉ።

ማስወንጨፊያውን ለመሥራት የእኛን ቆላ የመረጡት ካርታቸው ላይ «ባዶ መሬት» የሚል አይተው ነው። ባዶ ያሉት ሰሊጥና ማሽላችን ነበር።

ከሚወጡት ሁለት ሰዎች አንዷ ስርጉት ናት። ሌላ ልጅ የለኝም። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከዚህ ሌላ ነገር አስባ አታውቅም፤ ለመጀመሪያው ፈተና ሸሕዲ የሄደችው በሰሊጥ መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነው። ስትመረጥ ስለ እሷ በጋዜጣ የሚጻፈውን ሰው እንዲያነብልኝ መለመን ሰለቸኝና በአርባ ስድስት ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ሁለት ዓመት ደክሜ ሳነበው «ብርቅዬዋ የቆላ ፍሬ» ይላል። የቆላ ፍሬ ዝንጀሮ የሚለቅመው ነው። ልጄን እንደዚያ ብለው የጻፉት የተማሩ ሰዎች ናቸው።

ዋልካ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። በበጋ ድንጋይ ነው፤ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ የፍየል እግር ይውጣል። ዝናብ ሲጀምር እየጠጣ ያብጣል። ደግሞ እኩል አያብጥም፤ ውኃ በተኛበት በኩል ይብሳል። ስለዚህ እዚህ የኖረ ሰው ቤቱን በቀላል እንጨትና በሣር ይሠራል፣ ሲዘም ያቃናዋል። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ስንሻው ከጎጃም ደጋ ሲመጣ ይህን አያውቅም ነበር። እንደ አገሩ ድንጋይ ቆልሎ፣ ጭቃ መርጎ ቤት ሠራ። ጎረቤት በደጅ እያለፈ «በርታ፣ ጎበዝ!» ይለዋል እንጂ ማንም አልነገረው። አዲስ በመጣ ደገኛ አንድ ክረምት መሣቅ የዚህ አገር ልማድ ነው። በነሐሴ የጓዳው ግድግዳ ለሁለት ተከፈለ፤ ላማችን በስንጥቁ አንገቷን አስገብታ ቡሃቃችንን ላሰችው።

ሁለተኛውን ቤት ሲሠራ ተምሯል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሰፊ ሳፋ ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ውኃ አፍ እስከ አፉ ይሞላና ቆሞ ያያል። ውኃው በየት በኩል እንደሚፈስ አይቶ፣ የምሰሶውን ሥር ቆፍሮ ያቃናል። ይህን እዚህ ማንም ያደርገዋል። ዕውቀት ብሎ የሚጠራውም የለም።

መንኮራኩሯን በሐምሌ መጀመሪያ አቆሟት። አጠገቧ የብረት ማማ አለ፤ ሰዎቹ በእሱ ወጥተው ይገቡባታል። እሷ የቆመችበት አርማታ ለብቻው ነው፣ ማማው የቆመበትም ለብቻው። ሰሊጤን ሳርም ክረምቱን ሙሉ ከማሳዬ ሆኜ አያቸው ነበር። በሐምሌ በሁለቱ መካከል በሬ የሚያሳልፍ ሰማይ ነበር። በነሐሴ ጥጃ የሚያሳልፍ። መስከረም ሲጠባ፣ ማርያምን፣ ለዶሮ አይበቃም። ልጄ ውስጧ ተቀምጣ እሳቱ ሲለኮስ፣ ያች ነገር ስትነሳ መጀመሪያ የምታገኘው ያን ብረት ነው።

ማመልከቻ ጻፍሁ፤ በእጄ፣ አንድ ገጽ። ሁለት ጊዜ ከዘበኛው ወደ ጸሐፊዋ፣ ከጸሐፊዋ ወደ ዘበኛው ስመላለስ ቆየሁና በሦስተኛው የማስወንጨፊያ መድረኩን ሥራ የሚመራው ኢንጂነር ለይኩን አስገባኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጫማውን ዋልካ እንዳይነካው ከመኪናው በቀጥታ ምንጣፍ ላይ የሚወርድ ሰው ነው።

«እማማ፣ የስርጉት እናት ነዎት አይደል? ትልቅ ክብር ነው» አለኝ፣ ወረቀቱን ገልብጦ እያስቀመጠ።

«ክብሩ ይቆየን። መሬቱ አብጧል።»

«ይገባኛል። የእናት ጭንቀት ነው። ለዚህ የሚሆን ሐኪም አለን፣ ያነጋግርዎታል።»

«እኔ ደህና ነኝ። የዘመመው መድረኩ ነው።»

ሣቀ። ከመሳቢያው ማኅተም የበዛበት ወረቀት አወጣ። «ይህ የልኬት ምስክር ወረቀት ነው። ዐሥራ አንድ ሰው ፈርሞበታል። መድረኩ ቀጥ ያለ ነው።»

ከማኅተሞቹ መካከል ቀኑን ፈልጌ አነበብሁት። «ግንቦት ስድስት ይላል።»

«አዎ።»

«ዝናቡ የገባ በሰኔ ነው።»

«እማማ፣ ልኬት እንደ ዝናቡ አይቀያየርም። እንደገና እንለካ ብል ዐሥራ አንዱም ተሳስተዋል ማለቴ ነው። ከፈራሚዎቹ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች አሉ።»

«በሩን አይተውታል?»

«የቱን በር?»

«አሁን የገቡበትን።»

«እሱ የጥገና ክፍል ጉዳይ ነው» አለኝና ለመሰናበት ተነሳ።

ዐሥራ አንድ ሰው ከፈረመበት መሬቱ አያብጥም። ይህን ዋልካው አልሰማም እንጂ።

እሑድ እሑድ ከዘመድ የሚያገናኙበት አንድ ዳስ አላቸው። ስርጉትን እዚያ አገኘኋት። ገና አፌን ሳልከፍት አቋረጠችኝ።

«እማዬ፣ አውቃለሁ። እኔ የዚህ አገር ልጅ አይደለሁም? ከማማው ወደ መንኮራኩሯ የምንሻገርባት ድልድይ አለች፤ ሁለት ጊዜ ቆረጧት። ረዘመች ብለው።»

«ለምን ረዘመች አላሉም?»

«የጥገና ክፍል ቆረጣት። በቃ።»

«ታዲያ አትነግሪያቸውም!»

«ነገርኋቸው፤ አንድ ጊዜ። ‹የቆላዋ ልጅ ፈራች› አሉ። ባየልኝ ተጠባባቂዬ ነው፣ አጎቱ ትልቅ ሰው ናቸው። ሁለተኛ ብናገር ልብሴን እሱ ይለብሰዋል።»

«ይልበሰዋ!»

«ዐሥራ ስድስት ዓመት ነው እማዬ!» ድምጿ ከፍ አለና የዳሱ ጠባቂ ዞሮ አየን። ዝቅ አድርጋ «ላይነካም ይችላል» አለች። «ነፋሱ ከደቡብ ከሆነ ላይነካ ይችላል።»

«ላይነካ ይችላል ብለሽ ነው የምትወጭ?»

«አዎ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከዓይኔ ሳታነሳ።

እጇን ያዝሁት። በልጅነቷ የሰሊጥ ማጭድ የቆረጣት ጠባሳ አሁንም አለ። ያንለት ደሟን ሳቆም «እማዬ ማጭዱ ደንዝዟል ብዬሽ ነበር» እያለች ነበር የምታለቅሰው። በዘጠኝ ዓመቷ እውነቱን ትናገር የነበረች ልጅ ሰጠኋቸው፤ ዐሥራ ስድስት ዓመት አስተምረው ዝም ማለትን አስለመዷት። ሌላ ያስተማሯት ነገር ካለ አላውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ ከጣቢያው አንዲት ሴት ቤቴ ድረስ መጣች። ወይዘሪት አሰፋች ትባላለች፣ የሽኝቱን ዝግጅት የምትመራ እሷ ናት። ካሜራ የያዘ ሰው ተከትሏታል። ጎረቤቴ ኩብራ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምትሸጠው፣ ዕቃ ልትመልስልኝ ገብታ ነበርና አብራኝ ተቀመጠች።

«እማማ፣ በሽኝቱ ላይ የአካባቢው ባህል እንዲታይ ተወስኗል» አለች አሰፋች። «እዚህ አገር እናት ልጇን ሩቅ መንገድ ስትሸኝ ምን ታደርጋለች?»

«ታለቅሳለች።»

«እሱማ አለ። ሌላ የሚታይ ነገር? በዕቃ የሚደረግ?»

«ስንቅ ትሰጣለች» አለች ኩብራ።

«ምግብ ማስገባት አይፈቀድም። ሌላስ?»

ኩብራ የመለሰችው ሳፋ ደጃፌ ላይ ተደፍቶ ነበር። ዓይኔ እሱ ላይ አረፈ። ነገሩ የዚያን ጊዜ ነው የመጣልኝ።

«የሳፋ ሥርዓት አለን» አልሁ።

ኩብራ ዞር ብላ አየችኝ።

«እሺ? ይንገሩኝ» አለች አሰፋች፣ ደብተሯን እየገለጠች።

«መንገደኛው ከሚነሳበት መሬት ላይ ሳፋ ይቀመጣል። እናት አፍ እስከ አፉ ውኃ ትሞላዋለች። ውኃው ዝም ካለ መንገዱ ቀና ነው፣ ይሄዳል። ከፈሰሰ ይቆያል።»

«በጣም ውብ ነው! ምንን ያመለክታል? ሰላምን? ንጽሕናን?»

«ሁለቱንም» አልሁ።

«ሳፋው ግን ቆርቆሮ ነው። በእንስራ ብናደርገው ደስ አይልም?»

«ሰፊና ዝርግ ካልሆነ ሥርዓቱ አይሰምርም። ከአባቶቻችን የተቀበልነው በሳፋ ነው።»

«እሺ፣ እሺ፣ አንነካውም። ዙሪያውን ጥለት እናለብሰዋለን።» ጻፈችው። ካሜራው ሳፋውን ከሦስት በኩል አነሳው።

መኪናቸው ሲርቅ ኩብራ በሣቅ ግድግዳውን ተደገፈች። «ወላሂ፣ አየሁሽ፣ ይህን ባህል መቼ ወለድሽው?»

«አሁን።»

«ገና ጡት ሳይጥል ቴሌቪዥን ሊገባ ነዋ!» ከዚያ ሣቋ ቆመ። «ልጅቱ ግን ትቀየምሻለች።»

«ትቀየመኝ። ቆማ ትቀየመኝ።»

ሦስት ጊዜ እውነቱን ይዤ ብሄድ ሐኪም ሊያዙልኝ ነበር። አንድ ጊዜ ዋሸሁና መርሐ ግብራቸው ላይ ተራ ቁጥር አራት ሆንሁ፤ «የአካባቢው ባህላዊ ሽኝት፣ በእናት» ይላል። እነዚህ ሰዎች የገበሬ ነገር የሚገባቸው ጥለት ሲለብስ ነው።

የሽኝቱ ቀን በመስከረም መጨረሻ ረፋድ ላይ ነበር፤ መንኮራኩሯ በማግስቱ ልትነሳ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። እንግዶቹ ድንኳን ተተክሎላቸዋል። የኮኪት ሰውና ለአጨዳ ከደጋ የመጡት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉጎቹ፣ ከአጥሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ለሳፋው ውኃ ሲፈለግ ቦኖው ደርቋል። ጨረቃ ላይ ውኃ እናገኛለን የሚሉ ሰዎች ኮኪት ላይ አጥተው የታሸገ ውኃ በካርቶን አስመጡ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ንግግር አደረጉ። ከዚያ ተራ ቁጥር አራት ተባለና ሳፋዬን ይዤ አርማታው ላይ ወጣሁ። መንኮራኩሯ ከበላዬ ናት፣ ማማው በግራዬ። ስርጉት ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ የራስ ቁሯን በክንዷ ይዛ አብሯት ከሚወጣው ጓደኛዋ ጋር ቆማለች። ከኋላቸው ባየልኝ አለ፣ ከእሷ ይበልጥ ያማረበት። ሳፋውን መሐል ላይ አስቀመጥሁት፤ እሷም ሳፋውን አየች፣ ገባት። ራሷን ነቀነቀች፤ አታድርጊ ነው የምትለኝ። ውኃውን ገለበጥሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ስምንት ጠርሙስ። አፉ ጋ ሲደርስ በቀኝ በኩል ሁለት ጣት ያህል ቆርቆሮ ደረቅ ሆኖ ቀረ፤ በግራ በኩል ውኃው ሞልቶ ፈሰሰ። እንደ ክር ቀጥኖ አርማታውን አቋርጦ ወደ ማማው ሄደ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ።

እንደዚህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የልጄን ሞት ውኃ አፍስሼ አሳየኋቸው፣ ተነስተው አጨበጨቡ። ጋዜጠኛው በማይኩ «በረከቱ ወደ ማማው እየፈሰሰ ይገኛል» ይላል። እንደገና ሞላሁት። እንደገና ወደዚያው ፈሰሰ።

ከአጥሩ ውጭ በመጀመሪያ አንድ ሰው ሣቀ። ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ አጥሩ ሁሉ። አንድ ሳሉግ፣ ወሎዬ ነው በድምፁ፣ «ኧረ ዘሟል! ምሰሶውን ቆፍሩለት!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ላም ሳትገባበት!» አለ። ሣቁ ድንኳኑ ደርሶ ጭብጨባውን አቆመው። እንግዶቹ ምን እንደተሣቀ አንዱ አንዱን ይጠይቅ ጀመር።

ኢንጂነር ለይኩን እየተጣደፈ መጣ። «ሳፋው ነው የተጣመመው!» አለ።

«ያዙሩት» አልሁት።

ጎንበስ ብሎ በገዛ እጁ ግራውን ወደ ቀኝ አዞረው። ዕድሜ ለጠርሙሱ፣ እንደገና ሞላሁለት። ውኃው ወደ ማማው ፈሰሰ፤ በዚያ በኩል የቆመው እሱ ነበርና ጫማውን አጠበለት። የራሱን ጫማ ሲያይ፣ ከጫማው ወደ ማማው የሄደውን ውኃ ሲያይ፣ ከዚያ ቀና ብሎ የመንኮራኩሯንና የማማውን ጫፍ ሲያይ አየሁት። ከሐምሌ ወዲህ ቀና ያለው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ፊቱ አመድ መሰለ። አፉ ግን «የምስክር ወረቀቱ…» ማለቱን አልተወም።

ስርጉት ከቦታዋ ወጥታ ሳፋው አጠገብ ቆመች። መጀመሪያ እኔን አየች። እንደዚያ ያለ ቁጣ በልጄ ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ውኃውን ረጅም ጊዜ አየች።

«ሥርዓቱ፣ ከፈሰሰ ይቆያል ነው የሚለው?» አለች፣ ድንኳኑ እስኪሰማ።

«አዎ» አልሁ።

«እንግዲያው ይህ ውኃ ዝም እስኪል አልወጣም። ባየልኝ ይውጣ ካላችሁ ይውጣ።»

ሁሉም ወደ ባየልኝ ዞረ። እሱ ውኃውን አየ፣ ማማውን አየ፣ እጁን ቀስ አድርጎ ሆዱ ላይ አሳረፈ። «እኔ እንኳ ከትናንት ጀምሮ ሆዴን…» አለ። አጎቱ ድንኳን ውስጥ አንገታቸውን ደፉ።

በራዲዮ «ጉዞው በአየር ጠባይ ምክንያት ተራዝሟል» ተባለ። ያንለት ሰማዩ ላይ ደመና ቢፈለግ የመሐረብ ያህል አይገኝም ነበር። ዐሥራ አንዱ ሰዎች ተመልሰው ለኩ፤ መዝመሙን አገኙት፣ አሁን ዐሥራ ሁለት ሆነው ፈርመውበታል። አዲሱ ቀን ኅዳር ነው አሉ። በኅዳር ዋልካው ደርቆ በሌላ በኩል እንደሚሰምጥ የጠየቃቸው የለም። አሰፋች ደግሞ «የኮኪት የሳፋ ሥርዓት»ን በቅርስነት ሊያስመዘግቡት መሆኑን ልካ አስነገረችኝ። ዘበኛው በሩን አሁንም በእግሩ ይረግጠዋል።

ስርጉትን «ለዕረፍት» ብለው ወደ ቤት ሰደዷት። አራት ቀን አላናገረችኝም። ምግብ ሳቀርብ ትበላለች፣ ስጠይቃት ግድግዳውን ታያለች። ሰሊጥ አብራኝ አጨደች፣ ነዶውን አስራ አቆመች፤ ቃል ግን የለም። እኔም አልለመንኋትም። ተቆጥቻት ሳይሆን እየሰማኋት ነው፤ ስትተነፍስ ይሰማኛል፣ ይበቃኛል።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ከማሳ ስመለስ ሳፋዬን ደጃፋችን ላይ አስቀምጣ፣ ከጉድጓድ የቀዳችውን ውኃ እየሞላችበት አገኘኋት። አፉ ጋ ሲደርስ ውኃው ወደ ጓዳ በኩል ፈሰሰ።

«ይኸው» አለችኝ። «ያንቺም ቤት ዘሟል።»

«የኔ ቤት የትም አይሄድ።»

ልትሥቅ ፈልጋ ከለከለችው። ሳፋውን ገልብጣ ውኃውን ደፋችና ዶማ አንስታ የምሰሶውን ሥር መቆፈር ጀመረች፣ ልክ እንደ አባቷ፣ አፈሩን ወደ ግራ እየወረወረች። ጥቂት ቆፍራ ቀና አለች።

«በኅዳር እመለሳለሁ» አለች። «ሳፋውን ይዤው ነው የምሄድ። ሰው ሳልልክ፣ እኔ ራሴ ሞልቼ አየዋለሁ።»

«ቢፈስስ?»

«ከፈሰሰ እቆያለሁ። ሥርዓት ነው አላልሽም?»

አላመንኋትም። ግን ምሰሶውን ያዝሁላት፣ እስክታቃናው ድረስ።